ሆለታ ከመንግሥቱ በፊትም ሰው ነበራት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ ዙሪያ ስላሉ ከተሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከጎረቤቴ ተውሼ አነበብኩት። ለሆለታ የደረሳት ሁለት አንቀጽ ነው፤ አንዱ ስለ ድንች፣ ወተትና አበባ እርሻ፣ ሌላው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሠለጠኑባት ከተማ ስለመሆኗ። በድንቹ አልከራከርም። የግብርና ምርምር ማዕከሉ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነውና ስለ ድንች ከሆለታ ሰው ጋር ሙግት መግጠም አያዋጣም። ቅሬታዬ በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው።

ሐሰት ጻፋችሁ አላልኩም። መንግሥቱም፣ ከእርሳቸው በፊት የደርግ ሊቀመንበር የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲም የሆለታ ምሩቆች ናቸው። ነገር ግን የጦር ትምህርት ቤቱ ሥራ የጀመረው በ1927 ነው፤ መንግሥቱ ገና አልተወለዱም። የእናንተ ጽሑፍ ታሪኩን ከመሐሉ ጀመረው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ታሪክ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ተማሪዎቼን «በዚያ ግቢ የተማረ ሰው ስም ጥሩ» ብላቸው ክፍሉ ባንድ አፍ «መንግሥቱ!» አለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ብቻ እጁን አውጥቶ «አባቴ» አለ። (እውነቱን ነበር፤ አባቱ መቶ አለቃ ናቸው። አንድ ማርክ ጨመርኩለት።) በልጆቹ ግን አልፈረድኩም። እኔ ራሴ ያደግኩት ከግቢው አጥር ወዲህ ነው። ጠዋት መለከቱ ሲነፋ እናቴ ምጣዷን ትጥዳለች፣ ማታ ሲነፋ አባቴ በሩን ይቀረቅራል። ሰዓት ያልነበረን ሰዎች በወታደሩ ሰዓት እንተኛና እንነሣ ነበር። ያንን መለከት ሰምተው መጀመሪያ የተሰለፉት እነማን እንደሆኑ ግን የነገረኝ አልነበረም፤ ጎልምሼ ከመጽሐፍ ነው ያገኘሁት።

የፋሺስት ወረራ እያንዣበበ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ አምስት የስዊድን መኮንኖች አስመጡ። መሪያቸው ሻምበል ቪኪንግ ታም ይባላል። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት በገነት ነው፤ ከተማዋም «ሆለታ ገነት» የምትባለው ለዚህ ነው። ከካዴቶቹ ብዙዎቹ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ፈረንሳይኛ የቀሰሙ ወጣቶች ነበሩ።

ትምህርታቸውን አልጨረሱም። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ፣ በሚያዝያ 1928፣ ካዴቶቹ ከአዛዣቸው ከክፍሌ ነሲቡ ጋር ጠላትን ሊያቆሙ ወደ ጣርማ በር ወጡ። ጣርማ በር አልቆመም። ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው፣ አዲስ አበባም ተይዛ፣ ወጣቶቹ ወደ ምዕራብ አቀኑ። በወለጋ የጥቁር አንበሳን ማኅበር የመሠረቱት እነርሱና ሌሎች የተማሩ አርበኞች ናቸው። ዛሬ ጥቁር አንበሳ ሲባል ሆስፒታሉን የማያውቅ የለም፤ ስሙን የተሸከመው ማኅበር ግን ካርድ ለማውጣት ከሚሰለፈው ሰው ስንቱ ትዝ ይለዋል?

በሰኔ 1928 ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ በሚባል ሜዳ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች አረፉ። የወረዱት ሹማምንት አገሩን ያለ ጦርነት ሊረከቡ ነበር የመጡት። ጥቁር አንበሶች በሌሊት ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮም እዚያው ቀረ። ይህን ለተማሪ ስተርክ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ማኅበሩ 10 አንቀጾች ያሉት መተዳደሪያ ደንብ ነበረው። ወታደራዊው ክፍል ለፖለቲካው እንዲገዛ፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይንገላታ ይደነግጋል። ሰብሳቢያቸውም መኮንን አልነበረም፤ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለም ወርቅ በየነ ነበሩ። እንግዲህ አስቡት፤ አገር ፈርሶ፣ ጥይት ቆጥረው በሚተኩሱበት ሰዓት፣ ጠመንጃ የያዙት ጠመንጃ ላልያዘው እንዲታዘዙ ተስማምተው ፈረሙ። ከዚያው ግቢ የወጡ ሌሎች ከ38 ዓመት በኋላ ምን እንዳደረጉ እናንተም እኔም አንረሳውም። ለዚህ ነው ከሁለቱ አንዱን ብቻ መጻፍ ያስቆጨኝ።

በታኅሣሥ 1929 ማኅበሩ በመሪነት የተቀበላቸው ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ ላይ እጃቸውን ሲሰጡ የማኅበሩም ነገር አበቃ። ከየካቲት 12 ቀን በኋላ ፋሺስቶች ከረሸኗቸው ወጣቶች አንዱ ክፍሌ ነው። ከሞት ከተረፉት የሆለታ ልጆች ሙሉጌታ ቡሊ የክብር ዘበኛ አዛዥና ጄኔራል ሆኑ፤ እርሳቸውም በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ ተገደሉ። የሐረር የጦር አካዳሚ በ1950 ሲከፈት ደግሞ ታላቂቱ ሆለታ እንደ ታናሽ ትታይ ጀመር። ይህ የራሱ ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ አሁን አልገባበትም።

ከከተማችን መንገዶች ብዙዎቹ ስም የላቸውም። ሰው የሚመራው «ከማደያው ወረድ ብለህ፣ የወተት መሰብሰቢያውን አልፈህ» እየተባለ ነው። አንዷ መንገድ በእነዚያ ካዴቶች እንድትሰየም ማመልከቻ ጽፌ ለሚመለከተው ክፍል አስገብቻለሁ። ማኅተም ተመታበት፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ይኸው ሦስት ዓመቱ። በሄድኩ ቁጥር «አባባ፣ ፋይሉ ላይ አለ» ይሉኛል፤ ወንበርም ይስቡልኛል፣ በአክብሮታቸው አላማም።

ከእናንተ የምፈልገው መንገድ አይደለም፤ በሚቀጥለው እትም አንድ መስመር ማስተካከያ ነው። ስሙን ስትጽፉ እንዳትሳሳቱ፣ ክፍሌ ነሲቡ ነው። ድንቹን ግን አታውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የታሪክ መምህር፣ ከሆለታ