ካዝና እንደሚቆጠር ሁሉ ባክአፑም ይቆጠር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሳይበር ጥቃት በጋዜጣ የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ባንኮችና ስለ ውጭ አገር ሰርጎ ገቦች ነው። እኔ ግን የምጽፈው ሦስት አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ስላለው ቢሮ ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ አስመጪ ወይም የግል ክሊኒክ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቤት ሲጠቃ ዜና አይሆንም፤ የዓመት ሂሳቡና የደመወዝ ዝርዝሩ ግን በአንድ ቀን ጠፍቶ ይቀራል።

በየቢሮው አንቲቫይረስ አለን የማይል የለም። ባክአፕስ፣ ማለትም ለክፉ ቀን የሚቀመጥ የፋይል ቅጂ፣ ሲባልም አለ ይባላል። ለመጨረሻ ጊዜ ከፍታችሁ ያያችሁት መቼ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ ይጠፋል። ኦዲተር ድንገት መጥቶ ካዝና ያስከፍታል፣ ብሩን ቆጥሮ ያስፈርማል። ባክአፑን የሚቆጥር ግን የለም። የደብዳቤዬ ጥያቄ ይህ ነው፦ ካዝናው ሲቆጠር ባክአፑም ይሞከር።

ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር የሚቆልፈው ሲ ድራይቭን ብቻ አይደለም። ዲ ድራይቭ፣ የተሰካ ኤክስተርናል ዲስክ፣ በኔትወርክ የተጋራ ፎልደር፣ ያገኘውን ሁሉ ይቆልፋል። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተሰክቶ የሚያድር ዲስክን ባክአፕ ማለት ራስን ማታለል ነው። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ ከዩክሬን ተነስቶ የዴንማርኩን የመርከብ ድርጅት ሜርስክን ሲመታ፣ ድርጅቱ 45 ሺህ ኮምፒውተርና 4 ሺህ ሰርቨር እንደ አዲስ ለመጫን ተገዷል። የሠራተኞቹን መለያ የሚይዙት ሰርቨሮች እርስ በርስ ቅጂ ስለሚለዋወጡ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ሁሉም አንድ ላይ ጠፉ። የተረፈው ጋና የነበረው ብቻ ነው፤ እሱም በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ ስለወጣ ነው የተረፈው። ያን የሚያህል ድርጅት መልሶ የቆመው መስመር ላይ ባልነበረ አንድ ቅጂ ነው።

ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ፕሮግራም የሚጠቀም ቢሮ 1 ቴራባይት የሆኑ ሁለት ኤክስተርናል ዲስኮች ይግዛ። አንዱ ላይ «ሀ»፣ ሌላው ላይ «ለ» ተብሎ በማርከር ይጻፍ። አርብ ከሥራ መውጫ በፊት ሌሎቹ ተጠቃሚዎች ሁሉ ከፒችትሪ ይውጡ። ከዚያ ፋይል ከሚለው ውስጥ ባክአፕ የሚለውን መርጦ ወደ ዲስኩ ማስቀመጥ ነው፤ ፋይሉ ፒቲቢ የሚል ቅጥያ ይኖረዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀን አጻጻፍ ነው። «05-03-2017» ተብሎ የተቀመጠ ፋይል ኅዳር 5 ቀን 2017 በእኛ ነው ወይስ ማርች 5 ቀን 2017 በፈረንጅ? በመካከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ አለ፤ ፋይሉን ያስቀመጠው ሰው ሥራ ከለቀቀ የሚያውቅ የለም። አንዱን አቆጣጠር መርጦ በዚያው መጽናት ይሻላል፤ ዓመቱ ከቀደመ፣ ወሩና ቀኑ ከተከተሉ ደግሞ ፋይሎቹ በራሳቸው በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ወርድና ኤክሴልም እንደዚሁ በየሳምንቱ በአዲስ ፎልደር ይቀመጡ። ባለፈው ሳምንት ቅጂ ላይ የሚደርብ ሰው፣ ፋይሉ ከሦስት ሳምንት በፊት ተበላሽቶ ከነበረ፣ ደህናውን በብልሹው እያጠፋ ነው። ቢያንስ የአራት ሳምንት ቅጂ ይኑር።

ሥራው ሲያልቅ ዲስክ «ሀ» ተነቅሎ ከሕንጻው ይውጣ፤ በሚቀጥለው አርብ ተራው የ«ለ» ነው። ሁለቱ ዲስኮች አንድ መሳቢያ ውስጥ ካደሩ ሌባም እሳትም አንድ ላይ ይወስዳቸዋል።

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ይሞከር። በሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ያው የፒችትሪ ቨርዥን ተጭኖ፣ ሪስቶር (ከባክአፑ መልስ) ሲባል ኒው ካምፓኒ (አዲስ ድርጅት) የሚለው ይመረጥ። ኤግዚስቲንግ ካምፓኒ (ያለው ድርጅት) የሚለውን የመረጠ ሰው የዛሬውን ሂሳብ በአሮጌው ይደመስሰዋል፤ ሙከራውን ከዋናው ኮምፒውተር ላይ ማራቅ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ከዚያ የሂሳቦቹን ሁሉ ቀሪ የሚዘረዝረውን ትራያል ባላንስ አትሞ፣ ባክአፑ በተወሰደበት ቀን ታትሞ ከተያዘው ጋር ማስተያየት ነው። ድምሩ ከገጠመ ባክአፕ አለ ማለት ይቻላል።

ቫይረሱ በየት ይገባል ለሚለው፣ በእኛ አገር ከኢሜይል እኩል ፍላሽን መፍራት ይገባል። ፍላሹ ኮፒ ቤት ደርሶ ሲመለስ ፎልደሮቹ ስማቸው እንዳለ ሆኖ ምልክታቸው ጥግ ላይ ትንሽ ጠማማ ቀስት ይታያል። እውነተኛው ፎልደር አልጠፋም፤ ቫይረሱ ደብቆት በስሙ አቋራጭ ፈጥሯል። አቋራጩ ሲጫን መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሳል፣ ቀጥሎ የተደበቀውን ፎልደር ይከፍታል፤ ባለቤቱም ፋይሉን ስላገኘ ምንም አይጠረጥርም። ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ፍላሽ ስለተሰካ ብቻ ፕሮግራም በራሱ አይነሳም፤ አብዛኛውን ጊዜ በር የሚከፍትለት ያ ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ ነው። ቀስቱን ያየ ሰው አይንካው። ቪው ውስጥ ገብቶ ሂድን አይተምስ የሚለው ላይ ምልክት ያድርግ፤ ካልታየው ኦፕሽንስ ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት ያንሳ። ደብዘዝ ብሎ የሚወጣው ፎልደር የራሱ ነው። ከዚያ ውስጥ የሚፈልጋቸውን ሰነዶች ብቻ ወስዶ፣ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው አንቲቫይረስ በዲፌንደር አስፈትሾ፣ ፍላሹን ፎርማት ያድርገው። እዚያው ቪው ውስጥ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውም ይብራ፤ ፒዲኤፍ የመሰለ ፕሮፎርማ መጨረሻው ኢኤክስኢ ከሆነ ፕሮግራም ነው፣ አይከፈትም። ለኮፒ ቤትስ ፒዲኤፍ አድርጎ በቴሌግራም መላክ ይበቃል። ፓወር ግዕዝ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይም ፊደሉ አይበላሽም።

የሚሸጥ ፕሮግራምን ሳይከፍሉ ለመጠቀም የሚጫነው ክራክ ሌላው በር ነው። ክራኩን ከመጫናችሁ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፉ የሚል መመሪያ አብሮት ይመጣል። ምንጩ የማይታወቅ ፕሮግራም፣ ጠባቂው ጠፍቶ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉን በሚያስችለው በአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ይነሳል ማለት ነው። ስቶፕ ዲጄቪዩ የሚባለው ራንሰምዌር በዋናነት የተሰራጨው በዚህ መንገድ ነው። የዕለት ሥራ ሥልጣኑ ውስን በሆነ ስታንዳርድ አካውንት ይሠራ፤ የአድሚኒስትሬተሩ ይለፍ ቃል ለብቻው ይያዝ።

የዊንዶውስ ማስተካከያዎችን መጫንን፣ ማለትም አፕዴትን፣ በተመለከተ ችግሩ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ የኢንተርኔት ወጪም አለበት። ብዙ ቢሮ ዳታ ይበላል ብሎ አፕዴቱን ዘግቶታል። ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓለምን ሲያዳርስ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማስተካከያ ለሚደገፉት ዊንዶውሶች ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር፤ መጋቢት 5 ነው የወጣው። ለወጪው መላ አለው። ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ውስጥ ገብቶ በቢሮው ኔትወርክ ካሉ ኮምፒውተሮች መቀባበልን መፍቀድ ነው፤ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከሱ ይወስዳሉ። ዊንዶውስ 10 ግን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍል ስለሚፈልግ፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በታች ስለማይቀበል፣ አሮጌዎቹ ማሽኖች አይችሉትም። እነሱን በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሲስተም ጭኖ ለጽሕፈት ማዋል ይቻላል፤ ሂሳብ የሚሠራበት ኮምፒውተር ግን ይቀየር።

ፋይሎቹ ተቆልፈው ከተገኙ መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱ ይነቀል፣ ዋይፋዩ ይጥፋ። ባክአፕ ያለበትን ዲስክ እዚያ ማሽን ላይ መሰካት ያለውንም ማጥፋት ነው። የገንዘብ መጠየቂያው ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ይነሳ። ከዚያ የምለምነው ባለሙያዎቹን ነው፦ አትቸኩሉ፣ ፎርማት አታድርጉ። ሀርድ ዲስኩን ፈትታችሁ አስቀምጡና በሌላ ዲስክ ላይ ጫኑ። የአንዳንድ ራንሰምዌር መፍቻ ቆይቶ ይገኛል፤ የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖልና የኔዘርላንድ ፖሊስ ከሌሎች ጋር በከፈቱት ኖ ሞር ራንሰም በተባለው ድረ ገጽ ላይም በነጻ ይወጣል። ፎርማት ለተደረገ ፋይል ግን መፍቻው ቢመጣ ምን ይፈታል?

ለውስጥ ኦዲተሮች የምጠይቀው አንድ ተጨማሪ ገጽ ነው። ገጹ የዲስኩን ስም፣ ባክአፑ የተወሰደበትን ቀን፣ የተሞከረበትን ቀን፣ የሁለቱን ትራያል ባላንስ ድምርና የሂሳብ ሠራተኛውን ፊርማ ይያዝ። ሰኔ 30 ካዝና ሲቆጠር አብሮ ቢሞላ ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም።

አንድ የኮምፒውተርና ኔትወርክ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ