ቅዳሜ ለምንጎበኛቸው እናቶች

ውድ አባላት፣ ሰላም ናችሁ?

ቅዳሜ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት እናቶችን ሆስፒታል ልንጠይቅ ስንሄድ አንድ ነገር ልብ እንበል። እነዚህ ሴቶች ወልደዋል። ግን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላቸው የለም። ሰው ፈርቶ ዝም ይላል። የእኔ ልጅ በ31 ሳምንቷ ተወልዳ ማሞቂያ ውስጥ በነበረችበት ጊዜ፣ ከሁሉም በላይ የጎዳኝ ያ ዝምታ ነው። ስለዚህ «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» በሏቸው። ልጁ ስም ከወጣለት በስሙ ጥሩት። «ስንት ኪሎ ነው?» ግን አትበሉ። እናትየው ቀንም ሌሊትም የምታስበው ግራሙን ነው።

በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ጡታቸውን ያልባሉ። ከክፍለ ሀገር የመጡት አንዳንዶቹ ወንበር ላይ ነው የሚያድሩት። ትኩስ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘን እንሂድ። ከፊት የሚከፈት ሸሚዝም ያስፈልጋቸዋል፤ ልጁን ደረታቸው ላይ ገላ ለገላ ለማቀፍ ይመቻል። ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው አስተቃቀፍ በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ ባጠረው ሆስፒታል ነው የተጀመረው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክረዋል። አባትም እንደዚያው ማቀፍ ይችላል። ብዙ አባቶች ይህን ሳያውቁ በር ላይ ቆመው ይውላሉ፤ ባለሙያዎቹን እንዲጠይቁ አበረታቷቸው።

እኛ ሕፃናቱ ያሉበት ክፍል ውስጥ አንገባም፤ በረንዳው ላይ እናገኛቸዋለን። ጉንፋን የጀመረው ሰው እባካችሁ ይቅር።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆስፒታሉ በር ላይ እንገናኝ። ፔርሙዝ ያላችሁ እስከ ሐሙስ አሳውቁኝ።