አያቴ በእርሳስ የጻፈቻቸው ስሞች

ውድ የቡድናችን አባላት፣

በሐዘኔ ሰሞን ስለደወላችሁልኝ፣ ስለጸለያችሁልኝም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስልክ ያላነሳሁባችሁ ይቅር በሉኝ። አቅም አልነበረኝም።

አያቴ ካረፈች በኋላ መጽሐፍ ቅዱሷን ገለጥኩት። ጠርዙ አልቋል። በየገጹ ዳር በእርሳስ የሰው ስም ተጽፏል። የምትጸልይላቸው ሰዎች ናቸው። የእኔ ስም 7 ቦታ ላይ አለ። የአንዳንዶቻችሁንም ስም አገኘሁ! አንድም ቀን አይታችሁ አታውቅም፤ እኔ ሳወራላት ሰምታ ነው።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የአያቱን የሎይድን እምነት በስም ያነሳል። ድሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር። አሁን እዚያ ጋ ስደርስ ማለፍ ያቅተኛል። እኔም እምነትን መጀመሪያ ያየሁት በእሷ ነው፤ ሌሊት ተነሥታ፣ እንዳንነቃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትጸልይ።

“ጌታ ዘንድ ናትና አታልቅሺ” ያላችሁኝ ከልባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እንደማገኛትም አምናለሁ። ግን ጌታ ራሱ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። ስለዚህ ሳለቅስ ብታዩኝ ተስፋ የቆረጥኩ እንዳይመስላችሁ። ናፍቃኝ ነው።

ድምፅዋ ያለኝ በአንድ አጭር ቅጂ ብቻ ነው። ስለ ጠፋባት መነጽር ነው የምታወራው። ምነው ብዙ በቀረጽኩ! እባካችሁ፣ አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ቅረጿቸው። ሲጸልዩ፣ ሲስቁ፣ ስማችሁን ሲጠሩ።

ስማችሁ ያለበትን ገጽ ፎቶ አንስቼ ከነገ ጀምሮ ለየብቻ እልክላችኋለሁ።