ለሚቀጥለው ውይይታችን፦ ፖሊን ኒውማንና ጓደኞቿ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

በሚቀጥለው ስብሰባችን በኒው ዮርክ የልብስ ፋብሪካዎች ስለሠሩ ስደተኛ ሴቶች ስለምንወያይ፣ የፖሊን ኒውማንን ሕይወት አስቀድማችሁ እንድታስቡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1901 ከሊትዌኒያ የመጣችው ይህች አይሁዳዊት ገና በልጅነቷ በትራያንግል የሸሚዝ ፋብሪካ ተቀጠረች፤ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሕፃናቱን ሣጥን ውስጥ አስገብተው ሸሚዝ ይከምሩባቸው እንደነበር ኋላ ራሷ ተናግራለች። ያው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1911 ተቃጥሎ 146 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹም ወጣት ስደተኛ ሴቶች ነበሩ።

ፖሊን ሠራተኞችን ለማደራጀት ከከተማ ከተማ ስትዞር የብቸኝነቷን ነገር በደብዳቤ የምታካፍላት ጓደኛዋ፣ እንደ እርሷ ስደተኛ የሆነችው ኮፍያ ሰፊ ሮዝ ሽናይደርማን ነበረች። በኋላ በፊላደልፊያ ፍሪዳ ሚለርን አገኘች፤ ተዋደዱ፣ የፍሪዳን ልጅ አብረው አሳደጉ፣ ትስስራቸውም ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ። ሮዝም በበኩሏ ትውልደ አየርላንድ ከሆነችው የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ከሞድ ስዋርትዝ ጋር እስከ ሞድ ሞት ድረስ የቅርብ የሕይወት ጓደኛ ሆና ኖራለች።

የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞቹን የሥራ ማቆም አድማ ታሪክ ስንናገር እነዚህን ትስስሮች እንደ ግል ጉዳይ ብቻ ቆጥረን ማለፋችን ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል፤ ደመወዝ በሌለበት፣ እስርና ዱላ በበዛበት ትግል ሴቶቹን አጽንቶ ያቆማቸው ይኸው ነበርና። ስትመጡ በዚህ ላይ ያላችሁን ሐሳብ በጽሑፍ ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለኛል።