በሬውን ማን አየው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ሥጋ ያወጣችኋቸውን ደብዳቤዎች አንድም ሳላስቀር አነበብኳቸው። አንዱ ጥሬ ሥጋ በሕግ ይከልከል፣ በቃ አብስላችሁ ብሉ ይላሉ፣ ሌላው አባቶቻችን ጥሬ በልተው አይደል እንዴ ጣልያንን ያባረሩት ብሎ ይቆጣል፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ጭራሽ ሥጋ የሚባል ነገር ይቅርብን ባይ ናቸው። መከራከሩ ጥሩ ነው፣ ግን ሦስቱም የሚያወሩት ትሪ ላይ ስለቀረበ ሥጋ ነው። እኔ ደቡብ ወሎ ውስጥ በከብት ጤና ሥራ ያረጀሁ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ኮምቦልቻ ዳር ለበዓል አንድ ሁለት በሬ የማደልብ ሰው ነኝና ጥያቄዬ ወደ ኋላ ይሄዳል። በሬው ሳይታረድ ማን አየው? ከታረደስ በኋላ ሥጋውን ማን አየው?

አባቶቻችን በልተው ምን ሆኑ ካሉት ሰውዬ ልጀምር። ምን ሆኑ? ኮሶ ጠጡ ነዋ! የኮሶ አበባ ተወቅጦ፣ ተበጥብጦ፣ በባዶ ሆድ፣ በየሁለት ወሩ ገደማ ጌታውም ሎሌውም ይጠጣው ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው የዛን ቀን ሥራ አይወጣም፣ እንግዳም አያስገባም፣ የታወቀ ነገር ነው። እና አባቶቻችን ጥሬ ሥጋን ከነዕዳው ነበር የሚበሉት፣ እኛ ግን ሥጋውን ወርሰን ኮሶውን ተውነው። ዛፉም ቢሆን ለጣውላ እየተባለ ከየደጋው እየተመናመነ ነው። አሁን እንኳን ሐኪም ጋ ሄዶ ኒክሎሳማይድ ወይም ፕራዚኳንቴል የሚባል የትል መድኃኒት ማሳዘዝ ይቻላል፣ ግን ሰው ያፍራል፣ ልብሱ ላይ ነጭ ነገር እየወደቀ እያየ ዝም ይላል።

የኮሶ ትል ከበሬ ወደ ሰው እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል፣ ወደ በሬው ከየት መጣ ሲባል ግን ዝም ነው። ከሰው ነው የመጣው! ይቺን ትል ሆዱ ውስጥ አሳድጎ እንቁላሏን የሚበትን ከሰው በቀር ሌላ ፍጥረት የለም። ሰውዬው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ለወራት ሳይሞት ይቆያል፣ በሬው ይግጠዋል፣ ከዛ በደሙ ሄዶ ጡንቻው ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታክል ውሃ የቋጠረች ነጭ ነገር ሆኖ ይቀመጣል፣ ያንን ሳይበስል የበላ ሰው ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ከ4 እስከ 10 ሜትር የሚረዝም ትል ያሳድጋል፣ እሱም በተራው ሜዳ ይወጣል። ስለዚህ ጥሬ ሥጋ ይከልከል የምትሉ ወገኖች መጀመሪያ በሬው የሚደለብበት ግቢ ሽንት ቤት አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ጋ አደላቢው ለበሬው ጥሩ በረት ይሠራል፣ ፋጉሎ ይገዛል፣ ፉርሽካ ይገዛል፣ ከቢራ ፋብሪካ አተላ ያስጭናል፣ እረኛው የት እንደሚጸዳዳ ግን ጉዳዬ አይልም። ወገኖቼ ይቅር በሉኝና በሬውን የምንበክለው እኛው ነን።

ሚጥሚጣ ይገድለዋል፣ ሰናፍጭ ይገድለዋል፣ ከላይ አንድ መለኪያ አረቄ ከተደረገበት አለቀለት የሚሉም አሉ። አይገድለውም። ሚጥሚጣው ከላይ ነው፣ ትሉ ሥጋው ውስጥ ነው። ለብለብ ክትፎም ያው ጥሬ ማለት ነው። የሚገድለው እሳት ነው፣ የሥጋው መሀል ቀይነቱ እስኪለቅ ከበሰለ አለቀ። ወይ ደግሞ ቅዝቃዜ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን ሙሉ ከተቀመጠ ይሞታል። 10 ቀን ሙሉ መብራት ሳይጠፋ ማለት ነው እንግዲህ፣ እሱን ለደሴ ሰው ንገሩት።

ቄራ ውስጥ ሥጋ መርማሪ ምን እንደሚሠራ ብዙ ሰው አያውቅም፣ ማህተም መምቻ ብቻ ይመስለዋል። በሬው መጀመሪያ በቁሙ ይታያል፣ አካሄዱ፣ አተነፋፈሱ፣ ትኩሳቱ። ከታረደ በኋላ የመንጋጭላው ጡንቻ ይሰነጠቃል፣ ምላሱ ይዳሰሳል፣ ልቡ ይከፈታል፣ ጉበቱ ለጉበት ትል ይቆረጣል፣ ሳምባውና በዙሪያው ያሉት ዕጢዎች ለቲቢ ይታያሉ። የሥጋ ምርመራ አዋጅ እኮ አገራችን ያወጣችው በ1962 ዓ.ም ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ትናንት ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። እውነቱን ለመናገር ምርመራውም ሁሉንም አይዝም፣ ትንሽ የተጠቃ በሬ መንጋጭላው ንጹህ ሆኖ ዳቢቱ ላይ ሊኖርበት ይችላል፣ ሥጋውን ሁሉ ከትፎ የሚያይ መርማሪ የለማ። እንደዛም ሆኖ ማህተም ያለውና የሌለው ሥጋ አንድ አይደሉም። እኔ ቁርጥ እበላለሁ፣ ሻኛ ከቀረበማ እምቢ አልልም፣ ግን ማህተሙን ካላየሁ ጥብስ ነው የማዘው፣ እሱንም ደረቅ ጥብስ። ባለ ሉካንዳው ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

ችግሩ የኛ አገር ሥጋ ብዙው ቄራ አይረግጥም፣ በዓል ሲሆን ደግሞ ጭራሽ። ለፋሲካ ቅርጫ አለ፣ ስምንት አሥር ሆኖ ገንዘብ ይዋጣል፣ ሰኞ ባቲ ይወረዳል፣ በሬ ይጎተታል፣ አንዱ ግቢ ይጣላል፣ ቅጠል ላይ መደብ መደብ ይደረግና ዕጣ ይወጣል። ለአረፋም እርዱ በየደጁ ነው። ሠርግ ሲሆን ደግሞ ወሎ ነውና ለሙስሊሙ አንድ በሬ ለክርስቲያኑ አንድ በሬ ተለይቶ ይታረዳል፣ ወጥ ቤቱም ለየብቻ፣ ድስቱም ለየብቻ፣ ማንም ሳይቀየም ሁሉም በልቶ ጠጥቶ መርቆ ይሄዳል፣ በዚህ ነገራችን እኮራለሁ። ማን በስመ አብ አለበት፣ ማን ቢስሚላህ አለበት ብለን እስከ ቢላው ድረስ እንጠነቀቃለን። የሁለቱንም በሬዎች መንጋጭላ ሰንጥቆ ያየ ግን የለም፣ ትሉ ደግሞ የየትኛው ድንኳን በሬ ነው ብሎ አይጠይቅም።

ከኮሶ የባሰም አለ። ኮሶ ያሳፍራል እንጂ ሰው ሲገድል ብዙም አይታይም። በሬ ድንገት ይታመማል፣ ባለቤቱ ያወጣው ብር ዓይኑ ላይ ይመጣበታል፣ ሳይሞት ባርኩት ይባላል፣ ጎረቤት በርካሽ ይካፈለዋል፣ ደግነትም ጭምር ነው፣ ሰውየው እንዳይከስር። አባ ሰንጋ ከሆነስ? አባ ሰንጋ እንደ ኮሶ በድስት የሚታለፍ አይደለም፣ የገፈፈው ሰው እጁ ላይ መሀሉ የጠቆረ ቁስል ያወጣል፣ የበላው ሊሞት ይችላል፣ ደሙ የፈሰሰበት መሬት ላይ ደግሞ ጀርሙ ለአሥርት ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም የሚወርደው ከብት አይከፈትም፣ አይገፈፍም፣ ቆዳውም አይሸጥም፣ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበራል ወይ ይቃጠላል፣ በቃ። ክትባቱ በዓመት አንዴ ነው። እኛ ግን ስንቱን መንደር ዞረን ከብት አውጡ ስንል፣ በሬዬ ይከሳብኛል ብሎ ጓሮ የደበቀ ስንት ገበሬ አለ መሰላችሁ።

ከደብዳቤዎቹ አንዱም ያላነሳው ደግሞ የመርፌው ጉዳይ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ እኛ ባጭሩ ኦክሲ የምንለው አንቲባዮቲክ፣ ገበያ ቀን እንደ ከረሜላ ይገኛል፣ ማንም ገዝቶ ማንም ይወጋል። ከብት ከተወጋ በኋላ ሥጋው ሳይበላ የሚጠበቅበት ቀን አለ፣ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል፣ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ሁለት ሳምንትም አራት ሳምንትም ይሆናል፣ አይቨርሜክቲን የሚባለው የትልና የእከክ መድኃኒት ደግሞ ወርና ከዛም በላይ ይፈልጋል። አሁን በዓሉ ሳምንት ሲቀረው በሬ ማሳል ጀመረ እንበል፣ ማን ነው ወር የሚጠብቅ? ወግቶ ማስነሳት፣ ገበያ ማውጣት ነው። ይሄ ቄራ ውስጥም በዓይን አይታይም፣ ማብሰሉም ሙሉ ለሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ በቃ አብስላችሁ ብሉ ያሉት ጸሐፊ የሰጡን ግማሽ መልስ ነው። እንዲህ እየወጋን ስንበላ ከርመን ልጆቻችን ሲታመሙ ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶት አልሠራ ሲል ደግሞ ፋርማሲውን እንከሳለን። ገዢውስ ቢሆን፣ በሬ ሲገዛ ጥርስ ያያል፣ ሻኛ ይዳስሳል፣ ጭራ ያነሳል፣ መቼ ነው የወጋኸው ብሎ ግን አይጠይቅም። የኔን በሬዎች ሊገዛ ከመጣ ሰው እስካሁን ይሄን የጠየቀኝ የለም፣ እኔው ነኝ ሳልጠየቅ የምናገረው፣ እሱንም ስናገር በሬው ታሞ ነበር እንዴ ብለው ዋጋ ይሰብራሉ።

ሥጋ ይቅር ላሉት እህቴ ብዙ የምለው የለኝም። በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቋሊማና መሰል የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር አምጪ ብሎ፣ ቀይ ሥጋን ደግሞ ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ጋር መመደቡ ልክ ነው፣ አይካድም። ግን እዛ አገር ሰው ሥጋ የሚበላው በየቀኑ ነው። እኛ ጋ ረቡዕና ዓርብ ጾም፣ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታው፣ የነቢያቱ፣ ከጾሙም ጾም የኪሎው ዋጋ። 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት ያለበት አገር ተቀምጠን አብዛኛው ሰው ሥጋ የሚያሸተው ዓመት በዓል ሲመጣ ነው። በሬያችንም በእህል ተቀልቦ ለሥጋ ብቻ ያደገ አይደለም፣ ዓመታት አርሶ፣ ወቅቶ፣ ሲደክም ሦስት ወር በአገዳና በፋጉሎ ተደልቦ ነው የሚሸጠው። ምርጫቸውን አከብራለሁ፣ ለኔ ግን ክርክሩ የሌላ አገር ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? መከልከሉ አይሠራም፣ ፖሊስ በየቤቱ እየገባ ትሪ ሊገልጥ ነው? እኔ የምለው፣ በዓል ሲደርስ ቀበሌው ለቅርጫና ለአረፋ እርድ የሚሆን ውሃና ጉድጓድ ያለው ቦታ ይለይ፣ የከብት ክሊኒኩ ባለሙያ በዓል ነው ብሎ ቆልፎ ከሚሄድ በዋዜማውና በዕለቱ በፈረቃ ይመደብ፣ አበል ይከፈለው፣ ቅርጫ ገቢውም ከየድርሻው ጥቂት ብር ቢያወጣ አይጎዳም። ሩቅ ገጠር ባለሙያ አይደርስም፣ እዛ የየአካባቢው አራጅ ይሠልጥን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ መንጋጭላና ልብ ሰንጥቆ ማየት አንዴ በእጁ ከሠራው አይረሳውም፣ ይሄን ስል ሰው አስተምሬ አይቼው ነው።

የሚያስቸግረኝ ካሳው ነው። አሥር ሰው ዓመቱን ሙሉ ቆጥቦ ያመጣው በሬ ተሰንጥቆ ሲታይ በትል የተሞላ ሆኖ ይቅበር ቢባል፣ ገንዘቡን ማን ይመልሳል? ሻጩ አገሩ ገብቷል፣ ውል የለም፣ መታወቂያም አልተያየንም። ይሄ መልስ ካላገኘ ሰው በሬውን ለምርመራ አያመጣም፣ እኔም ብሆን እጄ ወደ ኋላ ይላል። አንዳንዱ ለሻጩ ከዋጋው ትንሽ ይያዝበትና ከእርዱ በኋላ ይከፈለው ይላል፣ ከባቲ ድረስ ተመላልሶ ማን ይቀበላል ግን? ሌላው ከየቅርጫው ትንሽ ትንሽ ተዋጥቶ የጋራ መጠባበቂያ ይኑር ይላል፣ ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ዕድር ያለው አገር ይሄን አያቅተውም። እናንተም እባካችሁ ጋዜጠኛ ልካችሁ የሚመለከታቸውን ሰዎች ጠይቁልኝ፣ ባለፈው ፋሲካና አረፋ በከተማችን ከታረደው ውስጥ ስንቱ ተመረመረ፣ ስንቱስ ተወገደ፣ ለተወገደውስ ማን ከፈለ? መልሱን ከበዓሉ በፊት ብታወጡት ደስ ይለኛል፣ በዓሉ ካለፈማ ሁሉም በልቶ ጨርሷል።

አክባሪያችሁ
የቀድሞ የእንስሳት ጤና ረዳት፣ ከኮምቦልቻ