አባዬ፣ ዓይንህን እንዳታሽ

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ትናንት ስደውል ልነግርህ ነበር። ስለ ጉልበትህ ጠይቄ ዘጋሁት። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ጋቢህን ደርብ።

እኛ አራት ኪሎ ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣራ ላይ ወረወረችው። ትልቁ ግን ሰሌዳ አይታየኝም ሲል ከረመ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ኬራቶኮነስ ነው አሉኝ።

ልብስ ሰፊ ስለሆንክ በጨርቅ ልንገርህ። የዓይናችን የፊት መስታወት፣ ኮርኒያ የሚሉት፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ውስጡ ኮላጅን የሚባል የፕሮቲን ክር 200 ያህል ድርብ ሆኖ ተነጥፏል። የአንዱ ድርብ ክር ከቀጣዩ ጋር ይመሳቀላል። ክሮቹ እኩል ቀጥነው፣ እኩል ተራርቀው ስለተሰደሩ ብርሃን ሳይበተን ያልፋል። በዚህ በሽታ ድርቦቹ ይላላሉ፣ ይንሸራተታሉ። መሐሉ ይሳሳና ወደፊት ይሾላል፤ ልክ ጉልበቱ እንደተነፋ ሱሪ። ያኔ አንዱ ፊደል ሁለት ሦስት ጥላ ያወጣል። ማሸት ደግሞ ያባብሰዋል።

ቀጠሮ ይዘናል። ቫይታሚን ቢ2 ዓይኑ ላይ ጠብ እያደረጉ አልትራቫዮሌት የሚባል ጨረር ያበሩበታል። ክሮቹን እርስ በርስ ያስራቸዋል። እንዳይብስ ነው እንጂ የሾለውን እንደ ድሮው አያደርገውም።

እኔንም አዩኝ። አለብኝ።

እህቴ ስታነብልህ ይቺን እንዳትዘላት። ሰባተኛ ክፍል ስወድቅ ሰሌዳው እየተደራረበብኝ ነበር። አንተ ፒያሳ ሱቅህ ውስጥ ሰርተፍኬቴን ገልጠህ «ሰነፍ ወለድኩ» አልክ። ሱሪ ሊለካ የመጣው ሰውዬ ሳቀ። ሳቁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ አልረሳም። ያንንም ግን አልረሳሁም።

ሰሞኑን ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። መርፌ ላይ ክር እንዳስገባልህ ትጠራኝ ነበር። ለሁለታችንም እምቢ ይለናል። እማዬ መጥታ ትነጥቀናለች። አንተ ዓይንህን በጣትህ አንጓ ታሸው ነበር፤ እስኪቀላ ድረስ። በሽታው በዘር ይመጣል አሉኝ፣ ሁሌ ባይሆንም። ምናልባት ላንተም ሰሌዳው አይታይህም ነበር፣ አባዬ። ማን ጠየቀህ?

ቅዳሜ መጥቼ እወስድሃለሁ። «አርጅቻለሁ፣ ምን ያደርግልኛል» አትበለኝ። የመድኃኒቶችህን ወረቀት ያዝ፣ የደም ግፊቱንም። እስከዚያ ዓይንህን እንዳታሽ።

ልጅህ