የባሕር ፈረሶቹን አታምጣቸው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ በደብረ ብርሃን፣ ጠዋት ጠዋት ሜዳውን ከሚያነጣው የኅዳር ውርጭ በቀር የሚያስከፋን ነገር የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዱባይ ከተመለስሁ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር እንኳ ያልጻፍሁልህ ረስቼህ አይደለም። ያስረከብሁህ አኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ መስታወት) ውስጥ የነበረችው የባሕር ፈረስ፣ ያቺ ጭንቅላቷ ፈረስ የሚመስል ትንሽ ዓሣ፣ መሞቷን ስትነግረኝ፣ «በቀን አንድ ጊዜ ብትመግባት ይበቃታል» ያልሁህ እኔ መሆኔ ትዝ አለኝና ብዕር ማንሣት ከበደኝ።

አሁን ግን አገርህ ስትገባ ኋላ የገዛሃቸውን ጥንዶች ይዘህልኝ ልትመጣ ማሰብህን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልሁም። ስለ ፍቅርህ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን አታምጣቸው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ እዚህ ያለ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል፤ ይህንንም ፓምፕ በመጨመር ልንሞላው አንችልም። በዚያ ላይ መብራት በጠፋበት አንድ የኅዳር ሌሊት ማሞቂያው ቢቆም፣ የሞቃት ባሕር ፍጥረት እንዴት ያነጋል? የባሕር ፈረስ ንግድ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለሆነ፣ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገርም አይገባም።

ይልቅ ያኔ ሳልነግርህ የቀረሁትን ልንገርህ። እኛ በግ እየጠበቅን ያደግን ሰዎች ነን፤ የመንዝ በግ ቀን የጋጠውን ሣር ሆዱ ውስጥ አኑሮ፣ ማታ በረቱ ተኝቶ ያመሰኳል። የባሕር ፈረስ ግን ጨጓራም ጥርስም የለውም። እንደ ቱቦ በረዘመ አፉ ስቦ የዋጠው ምግብ ሆዱ ውስጥ ሳይቆይ ቶሎ ስለሚያልፍ፣ በረዶ ሆኖ የሚሸጠውን ማይሲስ የተባለ ትንሽ ሽሪምፕ በረዶውን አቅልጠህ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ስጣቸው፤ የተረፈውንም ውኃውን ሳያበላሽ አውጣው። አብረዋቸው ፈጣን ዓሦች ካሉ ለይልኝ፤ የባሕር ፈረስ ሲዋኝ አዝጋሚ፣ ሲበላም ትዕግሥተኛ ስለሆነ፣ እርሱ አነጣጥሮ ሳይጨርስ ሌሎቹ ይቀድሙታል።

የውኃው ሙቀት ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ይሁን፤ ከዚያ ሲያልፍ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይበረታባቸዋልና በዱባይ በጋ ማቀዝቀዣውን አደራ። ጅራታቸውን የሚጠመጥሙበት ነገር አይጥፋ፤ የውኃው ጥልቀትም ከ45 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ ጥንዶቹ ሲገናኙ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ላይ ይወጣሉና።

እንቁላሉን በከረጢቱ ተቀብሎ የሚወልደው ወንዱ መሆኑን ታውቃለህ። ሆዱ ተነፍቶ ካየኸው ቀኑን መዝግበህ ወዲያው ጻፍልኝ፤ እኔም በዚያው ሳምንት እመልስልሃለሁ።

ናፋቂ ወንድምህ፣
ከደብረ ብርሃን